ባልነት በሥራ ሰዓት

ደስ ይበላችሁ፣ እሺ ተብሏል። ያውም ከሥራ ሰዓት ውጭ፣ ደመወዝ በማይታሰብበት ጊዜ፣ አንድም ደንበኛ ቆሞ ሳያይ እሺ ተብሏል። የምሥራቹ የማን እንደሆነ ሳይነገር እንዲህ መፈንጠዝ ለሰሚ ግፍ ነውና ነገሩን ከሥሩ እንጀምረው።

ባለታሪካችን ሶፋ ሠሪ ነው። ሰፈሩ የሚያውቀው ግን «ሂያጁ» በሚል ስም ነው፤ ከወጣትነቱ ጀምሮ ሊሄድ ነውና። ወዴት ሲሉት «ወደ ውጭ» ይላል። ውጭ የት ሲሉት ደግሞ አፉ ምስማር ስለሞላ መልስ የለውም። ምስማሩን በከንፈሩ ነክሶ ጨርቅ ከስፖንጅ ሲያዋድድ ይውላል፤ ሐሳቡ ግን መርከብ ላይ ነው። በረዶ በአካፋ የሚዛቅበት አገር፣ ሰው በገመድ ከተራራ ተራራ የሚንሸራተትበት አገር፣ ዓሣ ነባሪ ከመስኮት የሚታይበት አገር፣ ሁሉንም በምላሱ አዳርሷቸዋል። ሶፋ ያሠራ ደንበኛ «ቢላላ ታጠብቅልኛለህ?» ካለው «ቢላላም አታገኘኝም፤ ሂያጅ ነኝ» ይለዋል።

ሽኝቱም ቢሆን ደጋግሞ ተደግሶለታል። ሰፈርተኛው አዋጥቶ፣ ተላቅሶ፣ አገላብጦ ስሞ ከሸኘው በኋላ በሳምንቱ ሱቁን ከፍቶ ይገኛል። «ቪዛው ላይ ትንሽ ነገር ጎደለች» ይላል፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ። በመጨረሻው ሽኝት ላይ የሚያለቅስ ጠፍቶ የሚያዛጋ ብቻ ነበር። እንደ እናት ሆና ያሳደገችው ታላቅ እህቱ ጥግ ይዛው «አንተ ልጅ፣ ዘንድሮ ካልሄድክ እኔ ነኝ የምሄደው፤ ሰው ፊት ማየት አቅቶኛል» አለችው። ደነገጠና ሄደ።

ሊቀጥረው ቃል የገባለት የሶፋ ፋብሪካ ነበር። ሻንጣውን እየጎተተ በሩ ላይ ሲደርስ ፋብሪካው የስፖርት ማዘውተሪያ ሆኖ ጠበቀው። ውስጥ ሰዎች እየሮጡ ነው፤ ግን ካሉበት ንቅንቅ አይሉም፤ መሬቱ ነው የሚሮጠው። «እኔን የመሰሉ ናቸው» ብሎ ትንሽ ሲያያቸው ቆየና ተመለሰ። ባረፈበት ቤት አብሮት የሚኖር ቀለም ቀቢ «አንድ ቤት ሠሪ ድርጅት ለሶፋ የሚሆን ሰው እየፈለገ ነው» ቢለው መዶሻውንና መርፌውን አንጠልጥሎ በማግሥቱ ከተፍ አለ።

ሥራ አስኪያጇ ወገቧ ላይ የቁልፍ ቀለበት ያሰረች፣ ስትራመድ የምትንሿሿ ሴትዮ ናት። አንድ ሶፋ አሳየችውና «ተቀመጥ» አለችው።

ሂያጁ ሶፋ ላይ ዘው ብሎ የሚቀመጥ ሰው አይደለም። መጀመሪያ መዳፉን አሳርፎ ስፕሪንጉን ተጫነው። ጎኑን እንደ ሐኪም በጣቱ አንኳኳ። ከዚያ ቀስ ብሎ ተቀመጠ፣ ወደ ግራ ዘመም፣ ወደ ቀኝ ዘመም አለ፣ ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠ፣ በመጨረሻም እፎይ ብሎ ወደ ኋላ ተለጠጠ።

ሥራ አስኪያጇ ባልደረቦቿን ጠራቻቸው። «ድገመው» አለችው። ደገመው። እርስ በርስ ተያዩ።

«ቀጥረንሃል» አለችው።

«መዶሻዬን ይዤ መጥቻለሁ፤ የቱ ነው የተበላሸው?»

«መዶሻውን መልሰው። ሥራህ መቀመጥ ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ድርጅቱ ፎቅ ይሠራና ከመሸጡ በፊት አንዱን ቤት ለናሙና አሳምሮ ያሳያል። ገዢዎች ግን ባዶ ቤት ሲያዩ «ይቀፋል» እያሉ ይወጣሉ። ስለዚህ ድርጅቱ ቤተሰብ ይቀጥራል። አባት ሶፋ ላይ ይቀመጣል፣ እናት ጉድ ጉድ ትላለች፣ አማት ሹራብ ይሠራሉ። በሩ ሲከፈት ይኖራሉ፤ በሩ ሲዘጋ ያርፋሉ።

አማትየው የዚያው አገር አሮጊት ናቸው። አንድ ሹራብ ይሠራሉ፤ ግማሽ ሲደርስ ቁጭ ብለው ይተረትሩታል፤ ካለቀ ሥራ ፈት ስለሚመስሉ። የውል ሚስቱ ግን የእሱኑ ቋንቋ የምትናገር ሆነች። ይሄንንም ሥራ አስኪያጇ አስባበት ነው፤ «ባልና ሚስት የሚያወሩትን ደንበኛ ባይሰማው ይሻላል፤ ከሰማው ዋጋ ይከራከራል» ትላለች። ሴትየዋ እንደሱው ዓለምን ላያት ብላ የወጣች ናት። ከዚህ በፊት የሠራችው መናፈሻ ውስጥ የድብ ልብስ ለብሶ ሕፃናት ማቀፍ ነው።

«ድብ ከመሆን ሚስት መሆን ይሻላል» አለችው ሲተዋወቁ፣ «ቢያንስ አየር አለው።»

በመጀመሪያው ቀን ሂያጁ ከጠረጴዛው ላይ ፖም አንስቶ ገመጠና ጥርሱ ተጣበቀ። ፖሙ ሰም ነው። ቴሌቪዥኑ ካርቶን ነው፣ መጻሕፍቱ ጀርባ እንጂ ሆድ የላቸውም፣ ቧንቧው ውሃ የለውም። ትኩስ የዳቦ ሽታ በቆርቆሮ ተሞልቶ ይመጣል፤ ሚስትየዋ ደንበኛ በመጣ ቁጥር ፍስስ አድርጋ ትረጨዋለች፤ ሽታው የሦስቱንም ሆድ ሲያስጮህ ይውላል። ሻዩም የለም። ሚስትየዋ ከባዶ ማንቆርቆሪያ ባዶ ሲኒ ውስጥ ትቀዳለች፤ እሱ ደግሞ እፍ እፍ ብሎ አብርዶ ይጠጣል። አንድ ቀን «ስኳር አነሰው» ብሏት ሳቋን ማፈን አቅቷት ጓዳ ገብታለች።

ቀኑን ሙሉ «ውዴ፣ ደከመህ?» ስትለው ትውልና ሰዓቱ ሲሞላ ቀለበቷን በር ላይ ካለው ምስማር ላይ ትሰቅላለች፤ ቀለበቱ የድርጅቱ ነው። ካፖርቷን ለብሳ «ደህና ይደሩ፣ ወንድም» ብላው ወደ አውቶቡሱ ትሮጣለች። እሱ እንደ ጅብራ ተገትሮ ይቀራል። ከዚያ የአባት ሥራ የሆነውን ይሠራል፤ መብራት ያጠፋል፣ የሰም ፖሞቹን አንድ በአንድ በጨርቅ ይወለውላል። ፖም መወልወል ማንም አላዘዘውም፤ አቧራ ማየት ስለማይወድ ነው።

ታዲያ ሂያጁ፣ ድርጅቱ ለገበያ ያነሳውን የቤተሰብ ፎቶ ለእህቱ ላከላት። ሶፋ አለ፣ ሚስት አለች፣ አማት አለች፣ ፖም አለ። እህትየው ፎቶውን ይዛ ሰፈሩን አዳረሰችና ደወለች።

«አንተ ልጅ፣ ሳትነግረኝ አገባህ?»

«እትዬ፣ ሥራ ነው።»

«አዎ፣ ትዳር ሥራ ነው፣ እሱን እኔ አጣሁት? ስጣትና ላናግራት።»

«ወጥታለች።»

«ወዴት?»

«ሰዓቷ ሞልቶ።»

 «እንዴት ያለ አገር ነው?» አለች እህትየው።

ድርጅቱ ሁለት የማይታለፉ ደንቦች ነበሩት። አንደኛው፣ እውነተኛ ባልና ሚስት አይቀጠሩም። ከዓመታት በፊት ተሞክሮ ነበር፤ ባልና ሚስቱ «ጨዋታውን ማን አነሳው» ተባብለው ሲጨቃጨቁ ገዢው ሁሉ በደረጃ ተንጋግቶ ወርዷል። ሁለተኛው፣ ቤቱ ከተሸጠ ቤተሰቡ ይበተናል፤ እያንዳንዱ ወደ አዲስ ቤትና ወደ አዲስ ቤተሰብ ይመደባል። ከሌላ ሕንፃ አንድ ባል ሦስት ልጅና አንድ ውሻ ተመድቦለት እያለቀሰ ሄዷል።

ሂያጁ ይህ ደንብ እሱን እንደሚነካው የገባው ሚስትየዋ ጉንፋን ይዟት የቀረች ዕለት ነው። ድርጅቱ ተተኪ ሚስት ላከ። ተተኪዋ ደንበኛ ገና በሩን ሳይነካ «ውዴ፣ ደከመህ?» አለችው። አባባሉ ያው፣ ማንቆርቆሪያው ያው። ሂያጁ ግን ባዶው ሻይ አልወርድ አለው። ጉሮሮው ላይ ተሰነቀረበት፤ አሳሉት፣ ጀርባውን ደበደቡት። አማትየው ከሹራባቸው ቀና ብለው አዩትና «ወይ ልጄ፣ አለቀልህ» አሉት።

ከዚያ ወዲያ ጉዱ ፈላ። ልቡን ሊነግራት ፈለገ፤ ግን መቼ? በሥራ ሰዓት «እወድሻለሁ» ሲላት «እኔም ውዴ፣ ሻይ ልጨምርልህ?» ትለዋለች፣ ማንቆርቆሪያውን አንስታ። ይሄ ደመወዝ የሚከፈላት ቃል ነው፤ ምን ብሎ ይመነው? ከሥራ ሰዓት ውጭ ደግሞ ፖሞቹን ወልውሎ ሲወርድ መንገዱ ጭር ብሏል።

እስኪነግራት ቤቱ እንዳይሸጥ ማድረግ አለበት። ስለዚህ ደንበኛ ሲመጣ ማጥላላት ጀመረ።

«ይቺ መስኮት ንፋስ ታስገባለች» ይላል። «ይሄ ግድግዳ ሲያስነጥሱ ጎረቤት ይማራችሁ ይላል። ሶፋው ደግሞ ስፖንጁ ሌባ ነው፤ ዓመት አይቆይም።» ይህን ብሎ የሶፋውን ሆድ ተርትሮ ያሳያቸዋል፤ ካሳያቸው በኋላ ደግሞ እንዲያው መተው አንጀቱ ስለማይችል መርፌውን አውጥቶ አሳምሮ ይሰፋዋል። ሲጨርስ «ሳትቀመጡማ አትሄዱም» ብሎ አግዶ ያስቀምጣቸዋል፤ የየቤታቸውን ችግር ያወያያቸዋል፤ ሲወጡም እስከ ታች በር ድረስ ይሸኛቸዋል። እንግዳ ከደጃፍ መመለስ አያውቅበትም። ደረጃው ላይ ተራ የሚጠብቅ ሰው ተኮልኩሎ ይውላል።

የገዢዎቹ ሐሜት ግን ሌላ ሆነ። «እንዲህ ያለ እውነተኛ ሰው የሚኖርበት ሕንፃ ላይ ጎረቤት መሆን መታደል ነው» ተባባሉና ከታችም ከላይም ያለውን ቤት እየተሻሙ ገዙ። ፎቁ እንዳለ ተሸጠ። የቀረው ናሙናው ብቻ ሆነ። ሥራ አስኪያጇ ቁልፏን እያንሿሿች መጥታ ትከሻውን መታ መታ አደረገችው፤ ሂያጁ እዚያው ሶፋው ላይ ደሙ ቀዘቀዘ።

ናሙናውን ሊገዛ የመጣው ጡረታ የወጣ መርከበኛ ነው። ሂያጁ ሱቁ ውስጥ ምስማር ነክሶ ያለመውን ሁሉ ሰውየው በእግሩ ረግጦታል። በረዶውንም፣ ዓሣ ነባሪውንም አይቷል። አሁን የሚፈልገው መቀመጥ ብቻ ነው። በየቀኑ እየመጣ ከሂያጁ ጎን ሶፋው ላይ ይቀመጣል፤ አንዱ የሄደበትን ይተርካል፣ ሌላው አፉን ከፍቶ ይሰማል፤ ሁለቱም ባዶ ሻይ ይጠጣሉ።

አንድ ቀን መርከበኛው ሥራ አስኪያጇን ጠራትና «እገዛለሁ፤ ግን እንደታየው ነው» አላት። «ሰዎቹም ካሉበት።»

ሥራ አስኪያጇ ዓይኗ እንኳ አልተርገበገበም። «የድርጅታችን ማስታወቂያ የታየው ይሸጣል ነው የሚለው። ዋናውን መሥሪያ ቤት ልጠይቅ» አለች።

«ጠይቂ። አንድ ነገር ግን ይከነክነኛል» አለ መርከበኛው ወደ ሚስትየዋ እያየ። «እንዲህ ጸጥ ያለ ባሕር አላምንም።»

የዋናው መሥሪያ ቤት ምላሽ በፊርማው ቀን መጣ። ሥራ አስኪያጇ ሳሎኑ መሐል ቆማ አሳወቀች። «መጋረጃው ይካተታል። ሶፋው ይካተታል። ባልና አማት ለጊዜው ይካተታሉ። ሚስት ግን ነገ ጠዋት ወደ ደቡቡ ሕንፃ ትዛወራለች፤ እዚያ ባልየው ብቻውን ተቀምጦ ደንበኛ እያዘነለት ነው።»

ሂያጁ ከሶፋው ተነሳ። እንግዳ ለማስተናገድ ካልሆነ በቀር በሥራ ሰዓት ከሶፋ ሲነሳ ያየው ማንም ስላልነበር አማትየው ራሳቸው ሹራባቸውን አወረዱ። ሄዶ ሚስትየዋ ፊት ቆመ።

«ታገቢኛለሽ?» አላት በገዛ ቋንቋቸው።

እሷም ያንን የሥራ ፈገግታዋን ፈገግ ብላ «እሺ ውዴ። ሻይ ልጨምርልህ?» አለችው።

ሂያጁ ወሽመጡ ቁርጥ አለ። «ሻይ የለውም እኮ» አለ።

«ምን አልክ?»

«ማንቆርቆሪያው ባዶ ነው። ስንት ጊዜ ባዶ ቀዳሽልኝ። አሁን ግን የምሬን ነው የጠየቅሁሽ፣ በእሱ አትመልሺልኝ።»

የሚስትየዋ ፈገግታ እንደ መጋረጃ ወረደ። ማንቆርቆሪያውን ጠረጴዛው ላይ ቋ አድርጋ አስቀመጠችው።

«ቆይ፣ አንተ ነህ የምር የምትለኝ? ሥራ አስኪያጇን አስቁመህ፣ ገዢ አስቀምጠህ፣ የድርጅቱን ሸሚዝ ለብሰህ ነው የምር የምትጠይቀው?»

«ከሥራ ሰዓት ውጭማ መች ትገኛለሽ? እንደ ጥንቸል ትሮጫለሽ።»

«እሮጣለሁ! ሮጬ ፌርማታው ላይ እቆማለሁ። አውቶቡሱ ይመጣል፣ አሳልፈዋለሁ። ይመጣል ብዬ እጠብቃለሁ። ብርዱ እግሬን ይበላኛል። ጌታው ፎቅ ላይ ምን ይሠራል? ፖም ይወለውላል። የሰም ፖም!»

ሂያጁ አፉ ተከፈተ። «ስትጠብቂኝ ነበር?»

«ጉንፋኑን ከየት ያመጣሁት መሰለህ?»

«አንድ ቃል ብትተነፍሺ ምን ነበረበት? እኔ ነቢይ ነኝ?»

«ነቢይ አይደለህም፤ ግን ዓይን አለህ። በመቀሴ ሶፋ ትተረትራለህ፣ አትመልስም። ለእህትህ ፎቶዬን ትልካለህ፣ አታስፈቅድም። አሁን ደግሞ ባዶ ቀዳሽልኝ ትለኛለህ፤ ሞልቶ የተረፈ ሻይ ነበረና ነው?»

«መቀስሽን መልሻለሁ።»

«ደንዝዞ!»

አማትየው ቋንቋው አንድ ቃል አይገባቸውም። ቢሆንም ተነስተው ከሚስትየዋ ጎን ቆሙና በራሳቸው ቋንቋ «ልክ ናት፤ እኔም ከመጀመሪያው ቀን አልጣመኝም» ብለው በሹራብ መሥሪያቸው ደረቱን ወጋ ወጋ አደረጉት። ሥራ አስኪያጇ ቁልፏን ጨብጣ ግድግዳው ላይ ተለጥፋለች። ሂያጁና ሚስትየዋ እየተቀባበሉ ቀጠሉ፤ ነገሩ ከመቀስ ወደ መጋረጃ፣ ከመጋረጃ ወደ ማስነጠስ፣ ከማስነጠስ ወደ ድብ ልብስ ዞረ።

መርከበኛው ሶፋው ላይ ወደ ኋላ ተለጥጦ በጥሞና ሲያዳምጥ ቆየ። እሱም ቃሉ አይገባው፤ ግን ፊቱ በራ።

«አሁን ገና ቤት ቤት ሸተተኝ» አለና እስክሪብቶ ተቀብሎ ፈረመ።

ሥራ አስኪያጇ ነፍስ ዘራች። ወረቀቱን ተቀብላ እጥፍ አደረገችና ወደ ሁለቱ ዞረች። «ደንበኛ ፊት ተጨቃጭቃችኋል። የእውነት ባልና ሚስት አንቀጥርም። ሁለታችሁም ከዚህ ሰዓት ጀምሮ ተሰናብታችኋል።»

«ያልተጋባን ሰዎች ነን እኮ» አላት ሂያጁ።

«እሱን ለሌላ ሰው ንገር» አለችው።

አማትየው ብቻ ተካተቱ። «እኔ ከዚህ ሶፋ የትም አልሄድም» ብለው መርከበኛው አጠገብ ተቀመጡና ሹራቡን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይተረትሩ ቀጠሉበት፤ እጅጌውንም በመርከበኛው ክንድ ለኩት።

ሁለቱ ደረጃውን ወረዱ። ፌርማታው ላይ ጎን ለጎን ቆሙ። ሂያጁ የድርጅቱን ሸሚዝ መልሶ በካናቴራ ነው ያለው፤ ጥርሱ ይንቀጫቀጫል።

«አሁንስ ልጠይቅ?» አላት።

«ከሥራ ሰዓት ውጭ ነን?»

«ሥራ የለንማ፤ ምን ሰዓት አለው።»

እሷ ወደ መንገዱ እያየች ነበር። አውቶቡሱ ብቅ አለ፣ ቆመ፣ በሩን ከፈተ። ሹፌሩ አያቸው። ማንም አልተሳፈረም። በሩን ዘግቶ ሄደ።

«እሺ» አለችው። ውዴ አላለችውም፤ ሻይ ልጨምርልህም አላለችውም። ካፖርቷን አውልቃ ግማሹን በእሱ ትከሻ ላይ ጣል አደረገችና እስኪሞቀው ድረስ ስለ መቀሱ ወቀሰችው።

በማግሥቱ ለእህቱ ደወለ።

«እትዬ፣ ላገባ ነው።»

«ከማን ጋር?» አለች እህትየው። «አግብተህ የለም እንዴ? ያቺን የሰው ልጅ ምን አደረግሃት?»

«ከእሷው ጋር ነው።»

«ሁለት ጊዜ?»

«የመጀመሪያው በደመወዝ ነበር።»

እህትየው ስልኩን ከጆሮዋ አንስታ አየችው፤ መልሳ ለጠፈችው። «ስጣትና ላናግራት» አለች። ይሄኔ «ወጥታለች» አልተባለችም። ሁለቱ ሴቶች እስኪበቃቸው አወሩ፤ የሂያጁን ጉድ አንድ በአንድ እያነሱ አሙት፤ እሱ አጠገቧ ቆሞ እየሰማ ሳቀ።

መርከበኛው ደግሞ ዝም ብሎ የሚሸኝ ሰው አይደለም። ለቀድሞ ባልደረቦቹ ነግሮላቸው በአንድ የመንገደኛ መርከብ ላይ ሥራ አግኝተዋል። እሱ የመርከቡን ወንበሮች ይጠግናል፣ እሷ መንገደኛ ትቀበላለች። ሰርጉ መርከቧ ወደብ ላይ እንደ ቆመች ነው፤ ከዚያ ወዴት እንደምትሄድ ሁለቱም አልጠየቁም።

እህትየው ይህን ሁሉ ለእኔ ለጎረቤቷ በአንድ ትንፋሽ ተርካ ሳትጨርስ ነው የመጣሁት። ጥግ ላይ ያለችው ፀጉር ሠሪ ግን እስካሁን አልሰማችም፤ እሷ ሳትሰማ ዜናው ዜና አይሆንም። ሱቋን ልትዘጋ ስትል ካልደረስኩባት ሌላ ሰው ይቀድመኛል፤ ይኸው መነሳቴ ነው።